ለእህቱ ያልነገራት

ማናልሞሽ ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ይትባረክ ገና ፊደል አልለየም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አንድ ደህና ሰው ሊያገባት መጥቶ «ልጁን ለዘመድ እንስጠው» ቢላት፣ ሰውየውን በመጣበት መለሰችው።

ይትባረክ ግን ጎረምሳ ሲሆን ከእጇ ወጣ። ፑል ቤት ከሚውሉ ልጆች ጋር ገጠመና ወደ ጌጫ በሚወስደው መንገድ ገጀራ ይዘው ነጋዴ የሚዘርፉ ሆኑ። በመጨረሻ ባየ የሚባል የማር ነጋዴን ከሞተር ሳይክሉ አውርደው ሲታገላቸው እጁን በገጀራ መቱት። ይትባረክ ተይዞ ተፈረደበት። ማናልሞሽም ሚዛን ወህኒ ቤት እሑድ እሑድ ስንቅ ይዛ ተመላለሰች። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መኪና ሲጠፋ እንኳ አልቀረችም።

ተፈትቶ ሲመጣ የድሮ ጓደኞቹን አልፈለገም፤ አናጺ ቤት ተቀጠረ። ማናልሞሽ «የመለስኩት እኔ ነኝ» ብላ አመነች። ለማንም አታወራውም እንጂ በሕይወቷ የምትኮራበት ነገር ይኸው ነበር።

ረድኤት የመጣችው ይሄኔ ነው። ከተማው ውስጥ ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የምታስተምር ለግላጋ ሴት ስትሆን፣ ወጣቶች ለምን ወደ ዝርፊያና ድብድብ እንደሚገቡ፣ ደግሞም ለምን ትተውት እንደሚወጡ ታጠና ነበር። ይትባረክን አናጺ ቤቱ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። መጀመሪያ እምቢ አላት፤ ኋላ ግን ከእህቱ ሱቅ ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ሊያወራት ተስማማ።

ማናልሞሽ ሱቁ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይመጣል። ለእሷ «እህ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ የሚላት ልጅ ያለማቋረጥ ያወራል። አንዴ ሳቀ። አንዴ ደግሞ ድምፁ ተቆራረጠና ያለቀሰ መሰላት። እሷ ፊት አልቅሶ አያውቅም። የሚሰፋ ነገር ሳይኖራት ቁራጭ ጨርቅ አንስታ የስፌት መኪናውን ታንቀጠቅጠው ጀመር።

ረድኤት ብቅ አለች። «እትዬ ማናልሞሽ፣ መቅረጫው የመኪናሽን ድምፅ እየያዘው ተቸገርን።»

«እንጀራዬን ላቁምልሽ?»

ከዚያ ወዲህ ቀጠሯቸው ካምፓስ ሆነ። ይሄ ይብስ አቃጠላት። ይትባረክ ሸሚዙን ተኩሶ ሲወጣ ስታይ፣ ወህኒ ቤት እሷ ስትጠይቀው ጸጉሩን እንኳ ሳያበጥር ይወጣ እንደነበር ትዝ ይላታል። አንድ ቀን ረድኤትን መንገድ ላይ አግኝታ ያዘቻት።

«ምን ይልሻል?»

«እሱ ካልፈቀደ አልናገርም፣ እትዬ። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለች ረድኤት። ማወቋም ማናልሞሽን አናደዳት።

አንድ ጠዋት ይትባረክ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶ ወደ ሥራ ሄደ። ስልኩ ጮኸና ማናልሞሽ አነሳችው። ረድኤት ነበረች፤ የዛሬው ቀጠሯቸው ጸንቶ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው የደወለችው። «ጌጫ ሄዷል። ሁለተኛ እንዳትደውይለት ብሎሻል» አለቻትና ዘጋችው።

ይትባረክ በቀጠሮው ሰዓት ካምፓሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። የሚመጣ የለም። «እሷም እንደ ሰው ሁሉ ሌባነቴ ታያት» ብሎ አሰበ፤ ለመደወልም አፈረ። በማግስቱ ሥራ አልገባም። በሦስተኛው ቀን ማናልሞሽ ገበያ ስትሄድ ፑል ቤቱ ደጃፍ ላይ ከአንድ የድሮ ጓደኛው ጋር ቆሞ አየችው። የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ።

ገበያውን ትታ ከዚያው ካምፓስ ሄደች። ረድኤትን ስታገኛት ሰላምታም አልሰጠቻት። «ዋሽቼሻለሁ። እሱ ምንም አላለም። ነይና ንገሪው፣ እኔን አያምነኝም» አለቻት። ረድኤት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት።

ይትባረክን ጠርተው ማንጎው ሥር ሦስቱም ተቀመጡ። ማናልሞሽ ያደረገችውን በራሷ አፍ ተናገረች። ይትባረክ ቀና ብሎ አያት።

«ለምን እታለም?»

«ለባዳ የምትነግረውን ለእኔ ስለማትነግረኝ።»

ረድኤት «እኔ ልውጣላችሁ?» ብትል ይትባረክ በእጁ ከለከላት። ወደ እህቱ ዞሮ ተናገረ።

«አንቺ ከንጋት ጀምሮ መኪናሽ ላይ ነሽ። እኔን ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ‹ዛሬ የት ዋልክ?› የሚሉኝ ፑል ቤት ያሉት ነበሩ። የገባሁት በዚህ ነው።»

ማናልሞሽ ዋጥ አደረገችው። «የተውከውስ?» ስትል ልቧ መልሱን ያወቀ መስሏት ነበር።

«ባየ ዘመዱን ሊጠይቅ ወህኒ ቤት መጣ። አየኝና በስሜ ጠራኝ። ይሰድበኛል ስል ‹ና እስቲ ይትባረክ፣ ይቺን ብርቱካን ላጥልኝ፣ እጄ አይጨብጥም› አለኝ። ላጥኩለት። ግማሹን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ገጀራ ማየት አልቻልኩም።»

«እኔስ?» አለች ማናልሞሽ። «ያ ሁሉ እሑድ?»

«አንቺማ ምንም ብሆን ትመጪ ነበር፣ እታለም። ሰው ብገድልም ትመጪ ነበር።»

ሊያጽናናት ነው ያለው። እሷን ግን ያልጠበቀችው ቦታ ወጋት። እስከዚያች ሰዓት በረድኤት ነበር የምትቀናው፤ አሁን ደግሞ አይታው በማታውቀው ማር ነጋዴ፣ በአንዲት ብርቱካን ቀናች። አለቀሰች። ይትባረክ ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ረድኤት ልትሄድ ስትነሳ ማናልሞሽ በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች ጠራቻት።

«እሱ ያለውን ጻፊው። እኔም እመጣ እንደነበር ግን ጻፊ።»

«እጽፈዋለሁ» አለች ረድኤት። «ያንቺንም ደግሞ መስማት እፈልጋለሁ፤ ስትፈቅጂ።»

ማናልሞሽ የፈቀደችው ብዙ ቆይታ ነው። ይትባረክ አናጺ ቤቱ ተመልሷል። የጌጫ ገበያ ሲሆን ይሄድና ለባየ የማር ቆርቆሮውን ያወርድለታል። በዚያ ቀን ማናልሞሽ ፊቷ አይፈታም፤ የቀረበላትን ምሳ ትረሳለች፣ ደንበኞቿንም ትቆጣለች። ቅናቱ አለቀቃትም። ይትባረክም ያውቃል። ስለዚህ ሲመለስ ሳትጠይቀው በርጩማ ስቦ ይቀመጥና መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለው ይነግራታል። አንዳንዴ ወሬው ምንም የለውም። እሷ ግን መቀሷን አስቀምጣ እስኪጨርስ ትሰማዋለች።