ስምንት ዓመት የሰጠኝ መዝጋቢ

ባለፈው ሳምንት የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ጎረቤቴ ሸምሱ ሱቁ ድረስ አስጠርቶኝ ስልኩን ዘረጋልኝ። ለሱቁ ዌብሳይት ሊያሠራ ነው። «የዌብሳይት ስም የሚመዘግቡት ድርጅቶች ብዛታቸው! አንተ ድሮ ገብተህበት ነበር አሉ። የትኛው ይታመናል?» አለኝ። መግባቱንስ ገብቼበት ነበር። ማን እንደነገረው፣ እንዴት እንደወጣሁም ነግሮት እንደሆነ ግን ገና እያጣራሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው። ወጣትነቴ ስል አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ መሳቅ ይቻላል። ሰው በሚቀናበት ጊዜ ሁሉ ግን ጎረምሳ ነው። ሚሊኒየም፣ ሚሊኒየም በተባለበት በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት እኔም ሃያ ዓመት አልሞላኝም ማለት ይቻላል። ላጤ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ይሁን የሠርግ ካርድ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር። ትንሽ ያልኩት ለጨዋነት ነው።

ማርታ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ስትስቅ መጀመሪያ ዓይኗን ትጨፍናለች። መደርደሪያዎቻችን ግማሽ ጎናቸው ባዶ ስለነበር የቀድሞ ተማሪዎችን ማኅበር አቋቋመች። ግማሾቹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተዋል፣ የቀሩት አዲስ አበባና ሐዋሳ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ዌብሳይት ሰብስባ መጽሐፍ ልታስገዛቸው አሰበች። የእኔ ሐሳብ ደግሞ ማርታ ነበረች።

ማርቆስ የሚሉት የኮምፒውተር መምህር ከዱራሜ ተዛውሮ ባይመጣ ኖሮ ሁሉ ሰላም ነበር። በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ጨዋነቱ ነበር። በማርታ ፊት «ጋሼ» ባለኝ ቁጥር ሌላ አሥር ዓመት ይጨምርብኛል።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ሦስታችን አንድ ምግብ ቤት ገብተን አተካና የሚባለውን የሀዲያ ምግብ አዘዝን። ቅቤው በቆጮው ላይ ገና እየቀለጠ ነው፤ ውጭ ክረምቱ የተወው ጭቃ በፀሐይ ይጨሳል። ማርቆስ መጉረሱን ትቶ ያስረዳል።

«የዌብሳይቱ ስም አይገዛም፣ ይከራያል። ስለዚህ መመረጥ ያለበት አከራዩ ነው። ጊዜው ሲደርስ የሚያስጠነቅቅ፣ ስንጽፍለት የሚመልስ ይሁን። ስሙም በማኅበሩ ይመዝገብ። ትንሽ ወደድ ይላል እንጂ አንድ አውቃለሁ።»

«ወደድ የሚለውን ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ርካሹ በኋላ ጣጣ አለው።»

«ርካሽ ሁሉ ጣጣ ከሆነ እኔና አንተ በዚህ ደመወዝ ምን ልንባል ነው?»

ማርታ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ያቺ ሳቅ እንደ አረቄ ራሴ ላይ ወጣች። «ለእኔ ተይው፤ ነገ ስሙን ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት።

በነጋታው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ከሁሉ የረከሰውን መዝጋቢ መረጥኩ። ጆሃንስበርግ ያለው የአጎቴ ልጅ በባንክ ካርዱ ከፈለልኝ። ማርቆስ እጁን እንዳያስገባ ባለቤት በሚለው ቦታ የራሴን ስም፣ የራሴን ኢሜይል ሞላሁ። የታተመውን ወረቀት ሳነብ «ጊዜው የሚያበቃው 2008» ይላል። ያለነው በ2000 ነው። በአንድ ዓመት ክፍያ ስምንት ዓመት! ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሩጫ ሄድኩ።

«የአንተ አከራይ ስንት ዓመት ይሰጣል?» አልኩት ማርቆስን።

«አንድ።»

«የእኔ ስምንት።»

«እስቲ ጋሼ፣ ወረቀቱን ልየው።»

ቀንቷል ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ዓመቱን ሙሉ እንደ ጣዎስ ተንጎራደድኩ። ነሐሴ ላይ ኢሜይል ይመጣ ጀመር፦ «ስምዎ ጊዜው ሊያበቃ ነው፤ ያድሱ።» የማርቆስ ተንኮል መሆኑን ወዲያው ነቃሁበት፤ እያጠፋሁ ሳቅሁ። አምስተኛው ሲመጣ ትዕግሥቴ አልቆ ቅናት ጤና እንደሚያጎድል በጥሩ እንግሊዝኛ ጽፌ መለስኩለት። ባሕር ማዶ ያለው መዝጋቢ ምክሬን እንዴት እንደተቀበለው አላውቅም።

ለመስቀል የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ገቡ። ክትፏቸውን በልተው አዳራሹን ሞሉት። ማርታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ዌብሳይቱን በፕሮጀክተር ከፈተች። ግድግዳው ላይ የመጣው ግን የእኛ መደርደሪያ ሳይሆን ቦርጭ የሚያጠፋ ክኒን ማስታወቂያ ነበር። አዳራሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማርታ አልሳቀችም።

ወረቀቱን ከኪስ ቦርሳዬ አወጣሁ። ማርቆስ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው።»

2008 የፈረንጆቹ ነበር፤ የፈረንጆቹ 2008 ደግሞ እኛ 2000ን ጨርሰን 2001 የገባንበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው የቀን መቁጠሪያው የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«መምህር» አለች ማርታ፣ «ማስጠንቀቂያ አልደረሰህም?»

እውነቱን ብናገር ለምን እንዳጠፋሁት ልናገር ነው። ለምን እንዳጠፋሁት ከተናገርኩ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በልቤ ያደረግሁትን ሁሉ በሰው ፊት መዘርገፌ ነው።

«አልደረሰኝም» አልኩ።

ማርቆስ ቀና ብሎ አየኝ። አከራይ ሳያስጠነቅቅ ስም እንደማይነጥቅ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። እኔን ለማጋለጥ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰና «ርካሾቹ አንዳንዴ አይልኩም» አላት።

በሳምንቱ ሌላ ስም በማኅበሩ ስም፣ እሱ በሚያውቀው አከራይ ዘንድ ተመዘገበ። መጻሕፍቱም ቆይተው መጡ። በዓመቱ ማርቆስና ማርታ ተጋቡ። የእንግሊዝኛውን የሠርግ ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት።

ለሸምሱ የማርቆስን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት፤ የሚያስጠነቅቀውን ምረጥ፣ ሲያስጠነቅቅህም እመነው አልኩት። ማርታን ስላገባ አሁን አልቀናበትም፤ ዕድሜ ብዙ ነገር ያስተዋል። የምቀናው በአዳራሹ በተናገራት በዚያች አጭር ውሸት ነው። በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔ ማይክሮፎን እጠይቅ ነበር።