ሲባጎ ያልደረሳት ልጅ

ተማሪዎቹ «ጋሽ ሲባጎ» ይሉታል። ስሙን ያለ ነገር አላወጡለትም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂን በሲባጎ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። አንዱን ሣር፣ አንዱን ፌንጣ፣ አንዱን እንቁራሪት፣ አንዱን ጭልፊት ብሎ ካርቶን ያሲዛቸዋል። ከዚያ ማን ማንን እንደሚበላ እየጠየቀ ሲባጎውን ከእጅ ወደ እጅ ያዞራል። «ፌንጣው ሞተ» ሲል ፌንጣው ይቀመጣል፤ ሲባጎው የሳበው ሁሉ እጁን ያወጣል። ስልሳ አራት ልጅ ለታጨቀበት፣ ገሚሱ ቋንቋው ለማይገባው፣ ገሚሱ ደጋሚ ለሆነበት ክፍል ከዚህ የተሻለ መላ የለም። በዚህስ አይታማም።

አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረው። የሞተውን አበስብሶ ለአፈር የሚመልሰውን ሻጋታ ሁልጊዜ መጨረሻ ያደርገዋል። ካርቶኑንም ብዙ መናገር ስለማይጠይቅ ትምህርት ለሚከብደው ልጅ ይሰጠዋል። ዘንድሮ የደረሳት ጆሮዋ በደንብ የማይሰማ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሲባጎው ጭልፊቱ ጋ አለቀ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

«ቆይ፣ ይደርስሻል» አላት። ደወሉ ቀደመው።

በማግስቱ አጭር ፈተና ሰጠ። እሷም ተፈትና ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እሱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብም አላለ። የፈተናው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ሳይታረም ከረመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቷ የመልቀቂያ ወረቀት ልታስፈርመው መጣች።

«ምነው እትዬ፣ ምን ተገኘ?»

«ልብስ ስፌት ላስገባት ነው፣ ጋሼ። ‹እዚያ የሚፈልገኝ የለም› ብላ ሙጭጭ አለች። ለምኜ ለምኜ ደከመኝ።»

ፈረመ። ሴትየዋ ማህተም ልታስመታ ስትሄድ፣ የልጅቷን ውጤት ለመሙላት ወረቀቶቹን አወጣ። «ሻጋታና ባክቴሪያ ባይኖሩ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ሌሎቹ ሁሉ «ምንም» ብለዋል፤ እንዲያ ነዋ ያስተማራቸው፤ ሲባጎ ያልደረሰው ቢቀመጥ ማንንም አይስብም። እሷ ግን እንዲህ ጽፋለች፦ «የሞተው ይከመራል። አፈሩ ይራባል። ሣሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ሁሉም። ግን ቀስ እያለ ስለሆነ ማንም ቶሎ አያውቅም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወረቀቱን ይዞ ሮጠና ሴትየዋን በሩ ላይ ደረሰባት። እያለከለከ አነበበላት።

«እሷ ይህን ታውቃለች?» አለችው።

«አልነገርኳትም። ገና አሁን ማረሜ ነው። እባክዎ ይመልሷት።»

«ስፌቱን ወደምትማርበት ትናንት ከአክስቷ ጋር ሸኘኋት፣ ጋሼ። አገሩ ሩቅ ነው።» ወረቀቱን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችውና መለሰችለት። «እኔ ማንበብ አልችልም። አንዴ ይድገሙልኝ፣ በቃሌ ልያዝላት።»