ምች ነው አልን

ዐረብ አገር፣ መንሱራ የሚባል ሰፈር ውስጥ በጋራ ከተከራየናት ቤት በጠዋት አፍሰው አንድ መኪና ላይ ጫኑን። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያላት አንዲትም አልነበረችም። ተርሒል የሚሉት ማባረሪያ እስር ቤት ግቢ ስንደርስ ፀሐይ ላይ ብዙ አቆሙንና መስኮት የሌላት፣ በረኪናና ላብ የምትሸት ክፍል ውስጥ አጎሩን።

ከመካከላችን አንዷ የወሎ ልጅ ነበረች። ልትሞሸር አገር ቤት ለመግባት እየተሰናዳች ስለነበር፣ በተያዝንበት ዋዜማ ከንፈር የሚያወፍረውን ፊለር የሚሉትን ነገር በመርፌ አስወግታለች። የወጋቻትም ሴት አብራን ታስራ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ጥግ ይዛለች።

በማግስቱ የልጅቷ የላይኛው ከንፈር ነጣ። ቀጥሎ እስከ አፍንጫዋ ድረስ እንደ መረብ ጠቆረና ሽፍታ አወጣ።

«ምች ነው፤ ያ ፀሐይ መቷት ነው» አልን። ዳማከሴ ከየት ይምጣ? ከምሳ የተረፈ ሎሚ ብንቀባት ጮኸች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ምንሽን ነው የሚያምሽ? ተናገሪ» አለቻት አንዲት የጎጃም ሴትዮ።

ይሄኔ ወጊዋ ከጥጓ ተነሣች። የልጅቷን ከንፈር በጣቷ ተጭና ለቀቀችው። ቶሎ አልቀላም።

«ምች አይደለም እህቴ» አለች። «ከከንፈር ወደ አፍንጫ የሚወጣ ደም ስር አለ። ፊለሩ ገብቶ ዘግቶታል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። የሚያሟሟውን መርፌ ዛሬውኑ ካላገኘች አፍንጫዋም አይተርፍም።»

ልጆቿ አገር ቤት እንደሚጠብቋት አውቅ ነበርና ክንዷን ያዝኳት። «እኔ ወጋኋት ካልሽ አገርሽ አይሰዱሽም። ፍርድ ቤት ነው የሚያቆሙሽ። ዝም በይ!»

«እስካሁን ዝም ብዬ አየሁት። ኸላስ፣ በቃ።»

ሻርፗን ከፊቷ ገልጣ በሩን ደበደበች። ጠባቂዋ ስትከፍት ደረቷን መታ አድርጋ «አና» አለች በዐረብኛ፣ «እኔ ነኝ የወጋኋት። ሐኪም ጥሩላት።»

ልጅቷን ወደ ሕክምና ወሰዷት። እሷንም ወሰዷት፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

ልጅቷን ዛሬ ደሴ አልፎ አልፎ አገኛታለሁ። አፍንጫዋ ተርፏል፤ ከንፈሯ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። የዚያችን ሴት ወሬ ግን የሰማ የለም። በእጇ ያበላሸችው እሷ፣ በአፏ ያዳነችው እሷ፤ ልርገማት ልመርቃት እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም።

ሰዎች ጠባሳውን አይተው «ምች ነው?» ሲሏት ልጅቷ «አዎ» ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም እላለሁ።