አስካለ ድንጋይ

ከሰፈሬ ጎሚስታ ቤት የሚወጣው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን መንዝ ድረስ፣ ከዘመሮ ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ጠመዝማዛ ይወስደኛል። አሁን አሁን ይህም ጉዞ ያደክመኛል።

ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ገበያ የምንሄደው በእግራችን ነበር፤ የመንገዱን ርዝመት የሚያስረሱኝም የየቦታውን ስም እያነሡ ነው። ፈረስ ገደል የማን ፈረስ እንደ ገባበት፣ ንፉግ ውሃ አንዲት ቅል ለመሙላት ለምን ግማሽ ቀን እንደሚያስቆም፣ ሙሽራ ማረፊያ የትኛዋ ሙሽራ ከበቅሎ ወርዳ «አልሄድም» እንዳለችበት ያወሩልኛል። ሙሽራይቱ ካገባች ስንት ትውልድ ቢያልፍም እትዬ እንደ ጎረቤታቸው ያሟት ነበር።

አስካለ ድንጋይ ስንደርስ ግን ወሬው ይቆማል። አስካለ ልጃቸው ነበረች፤ እኔ ሳልወለድ፣ ከገበያ ስትመለስ በረዶና ጉም ይዟት እዚያች ጠመዝማዛ ላይ ሞተች። በአገራችን ደንብ አላፊ አግዳሚው አንዳንድ ድንጋይ እያኖረ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል፤ ቁልሉ አደገ፣ ቦታውም ስሟን ወረሰ። እትዬ ፎቶ እንኳ የላቸውም፤ ከልጃቸው የቀራቸው በሰው አፍ ላይ ያለው ያ ስም ብቻ ነበር።

ከዚያ የመኪና መንገድ መጣ። በእልልታ ከተቀበሉት አንዷ እኔ ነኝ። ቁልሉ ለመንገዱ መደልደያ ገባ። አንድ ክረምት የጭነት መኪና እዚያው ተበላሽቶ ከረመና፣ ሹፌሩ ብርዱ ሲብስበት የፈነዳ ጎማውን አንድዶ ሞቀው፤ ሽታው አልለቅ አለ፣ የአውቶቡስ ረዳቶችም ቦታውን ጎማ አሉት።

እትዬ «አስካለ ድንጋይ ላይ አውርደኝ» ሲሉ ረዳቱ «ጎማ ማለትዎ ነው፣ እማማ?» ይላቸዋል። እሳቸው «ጎማ» አይሉለትም፤ እሱም ያሳልፈናል፤ ከወዲያኛው መንደር ዳገቱን በእግራችን እንመለሳለን። እግሬ ቢዝልም ደስ ይለኝ ነበር፤ ያሸነፍን ይመስለኝ ነበርና።

ጉልበታቸው ከከዳቸው በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ጎማ ላይ አውርደኝ፣ ልጄ» አሉ። ዞሮ ያያቸው ሰው አልነበረም። ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ቁልሉ ከጠፋም በኋላ ወትሮ የሚያኖሩትን ድንጋይ ሳያኖሩ፣ ወደ ቤት አዘገሙ።

እሳቸውም ካረፉ ቆየ። ባለፈው ወደዚያው ለሌላ ሰው ለቅሶ ስሄድ የአውቶቡሱን ረዳት ቦታው ለምን ጎማ እንደ ተባለ ጠየቅኩት። «እንጃ፣ ድሮም ጎማ ነው» አለኝ። አስካለ ስለምትባል ልጅ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ደከመኝ። ጠመዝማዛዋ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ።