ገደል ያልገባው አውቶቡስ

ይህን ነገር ከአንድ አውቶቡስ ሙሉ መንገደኛ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸው። መንገደኛው እንደሆነ በየአገሩ ተበትኗል። እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ መናኸሪያ ቆሎ እሸጥ ነበር። በአደባባይ ስለ እግዚአብሔር መናገር ያስይዛል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም። ስብከት ቢከለከል የመንገድ ወሬ አልተከለከለም ብዬ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ሊማሊሞን የሚወርደው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ሥር ቆሜ፣ ቆሎ እየሰፈርኩ፣ «ትናንት አንድ አውቶቡስ ገደል ገባ፤ ሳትነሳ ያማተበች አንዲት ሴት ብቻ ተረፈች» እላለሁ። አንዱ ሲያማትብ ጎኑ ያለው ያማትባል፤ ወዲያው አውቶቡሱ ሁሉ። ማታ እቤቴ ስገባ አገር ያጠመቅሁ ይመስለኝ ነበር።

የገባ አውቶቡስ አልነበረም። እኔ ዋሸሁ። ደጋግሜ ዋሸሁ። ሊማሊሞን ራሱን እንኳ ወርጄው አላውቅም ነበር!

አንድ ጠዋት ወሬዬን እንደ ጨረስኩ አንዲት ሴት አቁማዳዋን ተሸክማ ከአውቶቡሱ ወረደች። እናኑ ትባላለች፤ ከዳባት ገጠር የመጣች ናት። ወታደር ልጇ ከገደሉ ማዶ አዲርቃይ ሰፍሯል፤ በማግስቱ ጦሩ ወደ ግንባር ሊነሳ ነው፤ አቁማዳው ውስጥ ያለው የሱ በሶ ነው። ይህን ሁሉ ቆሎ ስትገዛ ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያስፈራራኋት።

«ምነው ወረድሽ?» ብላት፣

«እኔ ገደል ከገባሁ ሲመለስ ማን ይቀበለዋል፣ እቴ? ከኔ ሌላ ሰው የለውም» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያማትባል። እንደዚያ ቀን ሰምሮልኝ አያውቅም። ታዲያ ምን ሠራሁ? ሰውን ወደ ክርስቶስ አቀረብኩ ወይስ እናትን ከልጇ ለየሁ? ዝም ብልስ ማን ያውቅብኛል? ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

አቁማዳዋን ነጠቅኋት። ሰፌዴን ከነቆሎው ለጎረቤቴ ጥዬ፣ እሷን ከፊቴ እየገፋሁ ተሳፈርኩና መካከል ላይ ቆምኩ። «ገደል የገባ አውቶቡስ የለም! ዋሽቻችኋለሁ!» አልኩ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ካድሬ ሳቀ። «በይ እንግዲህ እትዬ፣ እግዜርሽም የፈጠራ ወሬ ነው በይና እንገላገል!»

«ውሸታሟ እኔ ነኝ። እሱን አትንካብኝ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ረዳቱ ውረጂ ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። እሷን ያስፈራራሁበትን ገደል እኔም ላየው ይገባል፤ ፍርድ ነው።

የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። መንገዱ ከወሬዬ ይብሳል። የእናኑን ክንድ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ ማንም ሳያስፈራራት፣ ማንም ሳያዝዛት፣ እናኑ በቀጭን ድምፅ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ጀመረች። ከኋላ አንድ አባት ተቀበሏት፤ ከዚያ ሹፌሩ፤ ከዚያ ሁሉም። ጨርሰን እንደገና፣ ጨርሰን እንደገና እያልን ወረድን። ደባርቅ ላይ በሹክሹክታ የምንለውን ሊማሊሞ ላይ በአፋችን ሙሉ አልነው! ገደሉ መልሶ ያስተጋባልን ነበር።

አዲርቃይ ስንደርስ ልጁ እዚያው ነበር። እናኑ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም እኔ አቁማዳውን ታቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አገሬው ታዲያ «ካድሬውን ያስማተበች» ይለኛል። የልጅ ልጆቼም ይኮሩብኛል። እስከዛሬ ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። ካድሬው አላማተበም። ዝም በሉ ግን አላለንም፤ እውነቱ ይህን ያህል ነው።

ከእናኑ በፊትም የወረዱ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መጡበት የተመለሱ አንድ ሽማግሌ አሁንም ከዓይኔ አይጠፉም። ወዴት ይሄዱ ነበር? ማን ይጠብቃቸው ነበር? አልጠየቅኋቸውም፤ ስብከቴ ሠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸውን የት አግኝቼ ይቅር ይበሉኝ ልበል?

ከአዲርቃይ ስመለስ ያው መስኮት ሥር ቆምኩ። «ሊማሊሞን ወርጄዋለሁ፤ ያስፈራል፤ እግዜር አለ። ቆሎ!» እላለሁ። የሚያማትብ ያማትባል፤ የማያማትብ ቆሎውን ይቆረጥማል።

ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው ግን አልልም። እሱ ዋሺልኝ አላለኝም።