የአቴንስ ማርማላታ

ታራማ የሚባለውን የግሪኮች ምግብ ለመሥራት ከሁሉ በፊት ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የት እንደነበርኩ እንጃ። የደረቀ ዳቦ ቅርፊቱ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ይነከርና ይጨመቃል። ሽንኩርት ተፈቅፍቆ እሱም ይጨመቃል። ከዚያ በጨው የተቀመጠ የዓሣ እንቁላል ይገባል፤ ሎሚ ይጨመራል፤ በመጨረሻ የወይራ ዘይት በጠብታ እየወረደ ይታሻል። ዘይቱ ላይ የቸኮለ ሰው ልፋቱን ሁሉ ያጣል፤ ዘይቱ ለብቻው፣ ዳቦው ለብቻው ሆኖ ይቀራል። ከተሳካ ግን ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆንና በዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። አሁን አሁን ሰው በብሌንደር ነው የሚሠራው አሉ። እኔ የተማርኩት በሙቀጫ ነው፤ ከሙቀጫዬ ንቅንቅ አልልም።

የተማርኩት አቴንስ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። ልጄን ለእህቴ ትቼ ስሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የማዳሜ ልጅ ደግሞ ከልጄ የምታንሰው በሦስት ወር ብቻ ነው። ጸጉሯን የማበጥረው፣ ትምህርት ቤት የማደርሳት፣ ስታተኩስ አጠገቧ የማድረው እኔ ነበርኩ። ያቺ ልጅ ያለ ታራማ ዳቦ አትነካም። ስለዚህ በየቅዳሜው ሙቀጫዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ልጄ በስልክ፣ «ማሚ፣ እዚያ ምን ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ ሮዙ ምግብ ነገርኳት። «ለኔም ላኪልኝ» አለች። ልጅ ላኪልኝ ሲል የእናት አእምሮ ሥራውን ያቆማል። አገር ቤት በምትገባ ሴት እጅ ጫማ፣ ሹራብና አንድ ብልቃጥ የዓሣ እንቁላል ላክሁ። አሠራሩን ለእህቴ በስልክ ላስረዳት ጀምሬ፣ «ከዳቦ ጋር ነው» ከማለቴ የስልኩ ካርድ አለቀ። በሚቀጥለው ስደውል ልጄ ተሽቀዳድማ ስልኩን አነሳችና «ማሚ፣ በጣም ይጣፍጣል!» አለችኝ። እህቴ ብልህ ናት፤ እንደምንም ብላ ሠርታላታለች ብዬ ደስ አለኝ። በዚያች አንዲት ቃል ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ገባሁና ልጄን እስከማመጣት ሌላ ጊዜ ሄደ። ኤርፖርት ስቀበላት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ በልጦኛል። በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ላስደስታት ብዬ ሙቀጫውን አወጣሁ፤ የዓሣ እንቁላሉን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ብልቃጡን አየችው። ፊቷ ልውጥ አለ። «እኔ ይቅርብኝ» ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ነገሩ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። የዚያችኛዋ ልጅ ምግብ ነው። ልጄ እናቷን ስትጠብቅ፣ እናቷ ሌላ ልጅ የቀለበችበት ምግብ ነው። ምን ዓይነት ልብ ቢኖረኝ ነው አምጥቼ ፊቷ የማስቀምጠው? ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ሠርቼው አላውቅም። አግብታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች በኋላ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለችው አፓርታማዬ ውስጥ ብቻዬን እሠራዋለሁ፤ በድብቅ እንደሚጠጣ ሰው። ቤተ ክርስቲያን የኅብረት ምሳ ሲኖር ይዤ እሄዳለሁ፤ እህቶች «ሮዟን አመጣሽ?» ይሉኛል። ለልጄ እንዳይነግሩብኝ እሰጋለሁ።

ልጄ ነርስ ናት። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በየቀኑ ትደውላለች፤ ለግፊቴ ሐኪም ቤት ታመላልሰኛለች፤ ጨው አትብዪ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ግን ስለ አቴንስ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እህቴን «እማ» ነው የምትላት፤ እኔ «ማሚ» ነኝ። ብትጮህብኝ፣ ትተሽኝ ሄድሽ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ለጩኸት መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለደግነቷ ምን እንደምመልስ ግን አላውቅም።

ጉዴን ያወጣችው የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ሥራ የሚበዛባት ጊዜ እኔ ዘንድ ትውላለች። አንድ ቀን ከሙቀጫው ላይ በጣቷ ጠቅሳ ቀመሰችና በዚያው ለመደችው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ዓርብ ልጄ ደወለች።

«ማሚ፣ ልጅቷን ምንድን ነው የምታበያት? ዲነር አልበላም ብላ ‹ፒንክ፣ ፒንክ› ስትለኝ አመሸች። እኔ ካንዲ መስሎኝ ነበር።»

«ካንዲ አይደለም። ዳቦ ነው፤ ሎሚ ምናምን ያለበት» አልኩ። ስዋሽ ምናምን አበዛለሁ።

«ነገ ኦፍ ነኝ። እዚህ መጥተሽ ሥሪላት፤ እኔም ልየው።»

በነጋታው ሙቀጫዬንና ብልቃጡን በፌስታል ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና እንደ ወትሮው ተዘጋግቷል። ያን ቀን ብቻ መንገዱ በመዘጋቱ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ልጄ ያን ምግብ ስታይ እንደገና በሩን ብትዘጋው፣ በዚህ ዕድሜዬ የማንኳኳበት ጉልበት የለኝም።

ስደርስ የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች። ልጄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። ጀርባዬን ሰጥቻት ዳቦውን ነከርኩ።

«አቴንስ ነው የተማርሽው?» አለች።

«አዎ።»

«የማዳምሽ ልጅ ትወደው ነበር?»

ስለዚያች ልጅ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልዋሽ እችል ነበር። «ትወደው ነበር» አልኩ። «ያለሱ ዳቦ አትበላም።»

«ሁልጊዜ ትሠሪላት ነበር?»

«በየቅዳሜው።»

ተጨምቆ ያለቀውን ዳቦ መልሼ ጨመቅሁ። በየቅዳሜው ስሠራ አንቺን ነበር የማስበው ልላት ፈለግሁ። ግን ትታ የሄደች እናት ሁሉ የምትለው ነው፤ ደግሞም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አንዳንድ ቅዳሜ ድካም ብቻ ነበር የማስበው። ስለዚህ ብልቃጡን ከፌስታሉ አወጣሁ።

ልጄ ተነሳች። ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው። ቀይ ክዳኑን፣ በውስጡ ያለውን ብርቱካንማ ነገር አየችው።

«ይሄ ማርማላታው አይደል እንዴ?» አለች።

«የምን ማርማላታ?»

«የላክሽልኝ ማርማላታ።»

«የዓሣ እንቁላል ነው» አልኩ። «ይሄ እንዲሁ አይበላም። ከዳቦ፣ ከሎሚ፣ ከዘይት ጋር ይታሻል። እህቴ አልሠራችልሽም?»

ልጄ ተመልሳ ተቀመጠች። «እማ ‹እናትሽ ከዳቦ ጋር ነው ብላለች› አለችኝ። በቃ፣ ዳቦ ላይ ቀባችልኝ። ራሷ ቀመሰችና ‹ፈረንጅ ማርማላታ ላይ ጨው ይጨምራል እንዴ?› ብላ ልትጥለው ስትል አለቀስኩ። አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ማንኪያ ዳቦ ላይ እየቀባሁ በላሁት፤ ላዩ ላይ ውሃ እጠጣለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«እስኪያልቅ። ትምህርት ቤትም ወስጄዋለሁ። ጓደኛዬ ቀምሳ ስትተፋው እስከ ክረምት አኮረፍኳት።»

«ይጣፍጣል ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? አንቺ ነሽ የላክሽው።»

ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች። «እዚህ የመጣሁ ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ሳየው፣ ይጣፍጣል ስላልኩሽ ልታበዪኝ ነው ብዬ ነው የሮጥኩት። ዋሽቼሽ እንደነበር እንዳታውቂ።»

ያን ሁሉ ዓመት በዚያ በተዘጋ በር ስቀጣ ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ በሩን የዘጋችው እኔ እንዳላዝን ኖሯል። ሁለታችንም ለመጠየቅ ፈርተን፣ እኔ ዝምታዋን ቂም ነው ብዬ በራሴ መንገድ ስተረጉመው ከረምኩ። በራሴ ተናደድኩ፤ በዚያ የስልክ ካርድ ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷ የላከችው ስለሆነ ብቻ ጨው ስትውጥ ታየችኝ።

ያልተነከረ ዳቦ አንሥቼ ብልቃጡን ከፈትኩ። በማንኪያ ዛቅ አድርጌ ልክ እንደ ማርማላታ ዳር እስከ ዳር ቀባሁት።

«ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ጎረስኩ። ጨው ነው። ጨው፣ ከሥሩ ምሬት፣ ከምሬቱ በኋላ የዓሣ ጠረን። ስንት ዓመት ስሠራው እንዲህ ደረቁን ቀምሼው አላውቅም። ምላሴ ተኮማተረ። ዋጥኩትና ደግሜ ገመጥኩ።

«ተይ እንጂ፣ ፕረሸር አለብሽ! ማሚ፣ በቃ!»

«አንቺ ጨርሰሽው የለ?»

«እኔ ልጅ ነበርኩ።»

«እሱማ ነው» አልኩ። ዕንባዬ ሲወርድ ጨው አቃጥሎኝ ነው ልላት አልሞከርኩም። ሦስተኛውን ልገምጥ ስል እጄን ያዘችኝ። የቀረውን ዳቦ ከጣቶቼ መሃል አወጣችና ራሷ ጎረሰችው። እያየኋት አላምጣ፣ ያለ ውሃ ዋጠችው።

«አሁንም ይጣፍጣል?» አልኳት።

«አይጣፍጥም» አለች፤ በእጇ ጀርባ ዓይኗን እየጠረገች። «ያኔም አይጣፍጥም ነበር፣ ማሚ። ግን ሲያልቅብኝ አለቀስኩ።»

የልጅ ልጄ ከወለሉ ተነሥታ መጥታ «ፒንክ የታለ?» አለች። ሙቀጫውን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩት። ዘይቱን ለልጄ ሰጠኋትና፣ በጠብታ ነው፣ እንዳትቸኩዪ አልኳት። እሷ ስታንጠባጥብ እኔ አሸሁ።