ስድስት ወር የዘገየ ለቅሶ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ሳይነጋ ነው፤ ለቅሶ ለመድረስ። አብሮኝ ያስተምር የነበረው ጴጥሮስ ለዕረፍት አገሩ ጫኖ ገብቶ በወባ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል። ያኔ መምህራኑ መኪና ተከራይተው ሲሄዱ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያየኝ ታሰበኝና እግሬ እምቢ አለ። የባሰው ደግሞ አንዲት እንባ እንኳ አለማፍሰሴ ነው። ምናልባት አልወደውም ነበር ይሆናል እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ከረምኩ።

ሻሸመኔ ለምሳ ቆምን። ርቦኛል፤ ነገር ግን ምግብ ቤቱ ሞልቶ ባዶ ወንበር ያለው ከማላውቃቸው ሰዎች መሐል ብቻ ነው። በር ላይ ቆሎ ገዝቼ አውቶቡሱ ውስጥ በላሁ። ሶዶ አደርን።

ዓርብ

ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ከቀበሌ ያወጣነው የይለፍ ወረቀት አሳየን። ከዚያ በኋላ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ በስተግራ ብቅ ጥልቅ እያለ አብሮን ተጓዘ።

ጫኖ ስንደርስ የሙዝ ማሳው ከመንገዱ ዳር ታየ። የሚጠበቅብኝ “ወራጅ አለ!” ማለት ብቻ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ታሰበኝና ሳልል መንደሩ አለፈ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ዓሣ ነጋዴ፣ “ጫኖ ነው የምወርደው አላልክም?” አለችኝ።

“መጀመሪያ አርባ ምንጭ ጉዳይ አለኝ” አልኳት። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። በራሴ ተናደድኩ፤ ንዴቱም ወዲያው እፍረት ሆነ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሙዝ ሊጭን በሚሄድ መኪና ወደ ጫኖ ተመለስኩ። የጴጥሮስን እናት፣ እማማ ማርታን፣ ጓሯቸው ውስጥ የውሃ ቦይ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። “እግዚአብሔር ያጽናዎት” የሚለውን መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር፤ ጠፋብኝ።

“አንተ ማነው?” አሉኝ በኮልታፋ አማርኛ።

“የጴጥሮስ ጓደኛ ነኝ። አብረን እናስተምር ነበር።”

“ሰው ሁሉ መጣ። አንተ የት ነበር?”

ሌላ ውሸት አልመጣልኝም። “ፈራሁ፣ እማማ።”

“ሬሳ ነው የፈራ?”

“ሰው።”

ዶማቸውን አስቀምጠው ቦዩ ዳር ተቀመጡና እኔንም አስቀመጡኝ። “ጴጥሮስ ነገረኝ” አሉ። “‘አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ሰው ሲበዛ ዝም ይላል፤ ሁለታችን ስንሆን ያስቀኛል’ አለ። እሱ አንተ ነው?”

ያኔ አለቀስኩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። በመጨረሻ ፊታቸውን ጠራርገው፣ “በል ንገረኝ፤ ምን ብለህ ነው ልጄን የምታስቀው?” አሉኝ። የተቀቀለ ስኳር ድንች አቅርበውልኝ እየበላሁ እስከ እኩለ ቀን ነገርኳቸው።

ሰኞ

ማምሻውን አዲስ አበባ ገባሁ። ፍርሃቱ እዚያ አልቀረም፤ አብሮኝ ተመልሷል። የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የለኝም ያልኩት ሐዘን ስድስት ወር ሙሉ ከፍርሃቱ ጀርባ ቆሞ እንደነበር ነው።

አከራዬ በር ላይ አገኙኝና፣ “ደህና ገባህ? ለምን ነበር የሄድከው?” አሉኝ።

“ጓደኛዬ ሞቶብኝ ነው” አልኳቸው። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።